ሲና፣ ዋዲ ረም ወይስ ገራልታ? ከጅማ ለሚነሳ የዓለት መውጣትና የበረሃ ድንኳን ጉዞ የተዘጋጀ ንጽጽር

ጅማ ላይ የበልግ ዝናብ በሚጀምርበት በመጋቢትና በሚያዝያ ወር፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ግራና ቀኝ የሚገኙት በረሃዎች ዓለት ለመውጣት የሚመቹበት አጭር ወቅት ላይ ይደርሳሉ። የታኅሣሥና የጥር ብርዳቸው አልፏል፤ ዓለቱን በእጅ የማያስነካው የሰኔ ሐሩር ደግሞ ገና አልመጣም። በከተማችን ቅዳሜና እሁድ ጅሬን ኮረብታን በእግር መውጣት ከለመዱት መካከል ገመድና ድንኳን ይዘው አንድ ሳምንት በበረሃ ለማሳለፍ የሚያስቡ አሉ፤ ይህ መመሪያም ለእነርሱ የተጻፈ ነው። የሚመረጡት ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ በግብፅ የሲና ባሕረ ገብ መሬት፣ በዮርዳኖስ ዋዲ ረም እና በሀገራችን በትግራይ የገራልታ ተራሮች። የኬንያው ሄልስ ጌት ፓርክ በአራተኛነት ሊጠቀስ ይችላል።

ሁሉም ያምራሉ፤ ስለዚህ ውበት ምርጫውን አይወስንም። ምርጫውን የሚወስኑት የዓለቱ ዓይነት፣ የውሃው ርቀትና የመውረጃው መንገድ ናቸው። ከእነዚህ ከሦስቱ ደግሞ አስቀድሞ መታየት ያለበት የዓለቱ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ምን ዓይነት ልምድ፣ ምን ዓይነት ቁሳቁስና ስንት የመጠባበቂያ ቀን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው እርሱ ነው።

ዓለቱ

የሲና ተራሮች ለመውጣት የሚፈለጉት በግራናይታቸው ነው። ግራናይት ከምድር በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ቅላጭ ዓለት ስለሆነ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው የተያያዙ ናቸው፤ ውሃ ወደ ውስጡ አይዘልቅም፤ ዝናብ ቢያገኘውም ፀሐይ በወጣች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። ዋዲ ረምና ገራልታ ግን የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። የአሸዋ ድንጋይ አሸዋው በማዕድን ማጣበቂያ ተያይዞ የጠነከረ ነው፤ ውሃ በቀዳዳዎቹ ሲገባ ማጣበቂያው ይላላል፤ ትናንት ሰው የተንጠለጠለበት የእጅ መያዣ ዛሬ ተሸርፎ ሊወድቅ፣ የሚወድቅን ሰው ገመድ እንዲይዝ በስንጥቁ ውስጥ የተወተፈው መከላከያ ብረትም ዓለቱን ፈልቅቆ ሊወጣ ይችላል። ከዝናብ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን መጠበቅ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለቱ ገጽ መድረቁ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በዓለቱ ሥር ያለውን አሸዋ ጥቂት ጫር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሥሩ እርጥበት ካለ ዓለቱም ውስጡ ገና አልደረቀም ማለት ነው።

በጅማ ዙሪያ የምናውቀው ዓለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ ወለድ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የተገኘ ልምድ ስለ አሸዋ ድንጋይ ብዙ አያስተምርም። ይህን የምለው በሀገራችን ተራራ ላይ የጠነከረ እግር ያለው ሰው ዋዲ ረም ሲደርስ በራሱ ላይ ከልክ በላይ እንዳይተማመን ነው።

ዋዲ ረም

ዋዲ ረም ከዓቃባ ከተማ በስተምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዋና ከተማው ከዐማን በመኪና 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮም በባህልም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሸለቆው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከመንደሩ በላይ የቆመው ጀበል ረም (ጀበል ማለት ተራራ ነው) ጫፉ 1,750 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይኸውም ጅማ ከተማ ከምትገኝበት 1,780 ሜትር ከፍታ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከጅማ የሚሄድ ሰው በአየር መሳሳት አይቸገርም። የሚከብደው የአየሩ ድርቀት ነው፤ ላቡ ሳይታይ ስለሚተን ሰውነቱ ምን ያህል ውሃ እንዳጣ ሳያውቅ ራስ ምታትና ድካም ይጀምረዋል።

በእነዚህ ተራሮች ላይ መጀመሪያ የወጡት በደዊኖች የሚባሉት የአካባቢው የበረሃ ዐረቦች ናቸው። የዋልያ ዘመድ የሆነውን የኑቢያ የተራራ ፍየል ለማደን ዛሬ ገመድ በሚታሰርባቸው ግድግዳዎች ላይ ያለ ገመድ ይመላለሱ ነበር፤ መንገዶቻቸውም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ቶኒ ሃዋርድ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ መንገዶቹን ከበደዊኖቹ ጋር ማጥናት ከጀመረ በኋላ ነው ቦታው በሌላው ዓለም ዓለት ወጪዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀው። ወደ ቡርዳ የዓለት ድልድይ የሚወስደው መንገድ ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ አብዛኛው በእጅና በእግር የሚዘለቅ ሲሆን ቀጥ ባለው አንድ ክፍል ላይ ግን በገመድ መታሰር ይገባል። ወደ ጀበል ረም ጫፍ የሚወስዱት የአዳኞቹ መንገዶች የተለዩ ናቸው። የመውጣቱ ችግር መካከለኛ ቢሆንም በጉብታዎችና በስንጥቆች መካከል የሚጠማዘዘውን መንገድ ማግኘት ራሱ ትልቅ ሙያ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳይዙ መሞከር መጨለሚያን ተራራ ላይ መጠበቅ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ቀኑ እኩል ሲሆን ጫፍ ያልደረሰ ቡድን መመለስ አለበት።

በዋዲ ረም አብዛኛው መንገድ በቦልት፣ ማለትም ዓለቱ ተበስቶ ገመድ እንዲያያዝበት በቋሚነት በተተከለ ብረት፣ የተዘጋጀ አይደለም። መጀመሪያ የሚወጣው ሰው ካምና ነት የሚባሉትን መከላከያዎች በስንጥቅ ውስጥ እየወተፈ ገመዱን ማሳለፍ መቻል ይኖርበታል። ይህ ሙያ በአንድ ሳምንት አይለመድም። ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ያልሠሩት ከሆነ፣ ሙያው ያለው አስወጪ መቅጠር ግዴታ ነው፤ ወጪው ከበዛም ቦታውን መለወጥ ይሻላል።

የጥላ ነገር ተጓዦች አዘውትረው የሚዘነጉት ነው። የረም መንደር ያለው በምዕራብ ከጀበል ረም በምሥራቅ ከጀበል ኡም ዒሽሪን መካከል ነው። ጠዋት የኡም ዒሽሪን ምዕራባዊ ገጽ ጥላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጀበል ረም ምሥራቃዊ ገጽ ጥላ ይሆናል። በዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣ ቡድን ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ተሸሽጎ መሥራት ይችላል። በጸደይ ወራት ኻምሲን የሚባለው ትኩስና አቧራማ ነፋስ ከተነሳ ግን ጥላውም አያድንም፤ ያን ቀን ዕረፍት ማድረግ ብቻ ነው የሚበጀው።

ማደሪያ በበደዊኖቹ ካምፕ ይገኛል፤ በራስ ድንኳን ራቅ ብሎ ማደር ለሚፈልግም እነርሱ በመኪና ወስደው ይመልሳሉ። በአሸዋ ውስጥ በተቀበረ ምድጃ የሚበስለው ዛርብ የሚባለው ምግብ የሥጋ ምግብ ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። የዮርዳኖስ ዲናር 1.41 የአሜሪካ ዶላር ገደማ የሚመነዘር ጠንካራ ገንዘብ መሆኑ ደግሞ ይህን ጉዞ ከሦስቱ ውድ ያደርገዋል።

ሲና

ከአዲስ አበባ ካይሮ በቀጥታ በረራ ይደረሳል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ሻርም ኤል ሼክ፣ ከሻርም ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ዳሃብ ይገባል። ዋዲ ቅናይ የሚባለው የግራናይት ሸለቆ ከዳሃብ ቅርብ ነው፤ ቦልት የተመታባቸው አጫጭር መንገዶች ከቀላሉ እስከ ከባዱ አሉት፤ ገመድና ቁሳቁስ ይዘው የሚያስተምሩ ሰዎችም ዳሃብ ውስጥ ይገኛሉ። ለጀማሪ ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቦልት ባለበት አጭር መንገድ ላይ የተሳሳተ ሰው ወዲያው ወደ መሬት ይወርዳል፣ ዕረፍት ያደርጋል፣ እንደገና ይሞክራል። ማታ ወደ ባሕሩ ዳር ተመልሶ መታጠብና መብላት ይቻላል፤ ወይም በሸለቆው ውስጥ ከበደዊን አስጎብኚ ጋር ድንኳን መትከል ይቻላል።

የበረሃው ዋና ክፍል ግን ወደ ላይ፣ በቅድስት ካትሪን አካባቢ ነው። መንደሩ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን የሙሴ ተራራ 2,285 ሜትር፣ ጀበል ካትሪን ከ2,600 ሜትር በላይ ናቸው። በመጋቢት ሌሊቱ ወደ በረዶነት የሚጠጋ ብርድ ሊኖረው ስለሚችል፣ ዳሃብ ላይ የበቃው ቀጭን የመኝታ ከረጢት እዚያ አይበቃም። በተራሮቹ መካከል የጀበሊያ በደዊኖች በድንጋይ የታጠሩ የፍራፍሬ አጸዶች አሏቸው፤ ጉድጓድ ስላላቸውም በዚህ ንጽጽር ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አጠገብ ውሃ የሚገኝባቸው እነርሱ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ያለ በደዊን አስጎብኚ ወደ ተራሮቹ መግባት አይፈቀድም፤ በመንገድ ላይ ያሉት የፍተሻ ኬላዎችም ብዙ ስለሆኑ ፓስፖርት ከእጅ መለየት የለበትም። የሰሜን ሲና የጸጥታ ሁኔታ ከደቡቡ ፈጽሞ የተለየ በመሆኑ፣ ጉዞው ከሻርም፣ ከዳሃብና ከቅድስት ካትሪን አካባቢ መውጣት አይገባውም።

ለእኛ ለጅማ ሰዎች ሲና የሚጨምረው ሌላ ነገር አለ። ነቢዩ ሙሴ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የተከበረ ነው፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዮስጢንያኖስ ዘመን የተገነባው የቅድስት ካትሪን ገዳም እስከ ዛሬ ጸሎት የማይቋረጥበት ነው። ሁለቱም እምነት ያሉበት ቡድን ከዓለት መውጣቱ መካከል አንድ ሌሊት ለሙሴ ተራራ ቢመድብ፣ ማንም ሌላውን ለማስደሰት የሄደ ሆኖ አይሰማውም።

ገራልታ

ገራልታ በጥብቅ ትርጉሙ በረሃ አይደለም፤ ደረቅ ደጋ ነው። ከሀገር ሳይወጡ የአሸዋ ድንጋይ ማማዎችን ለማየት ለሚፈልግ ግን ወደር የለውም፤ ወጪውም ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ነው። ከአዲስ አበባ መቀሌ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በውቅሮ በኩል ወደ ሐውዜን በመኪና ይደረሳል። 2,580 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ አቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባው መንገድ በባዶ እግር፣ በዓለቱ ላይ በተጎደጎዱ የእጅና የእግር መያዣዎች የሚወጣ ነው፤ የአካባቢው ሰዎች እግርን እየመሩ ያሳልፋሉ። ይህ መንገድ ግን የአምልኮ መንገድ ነው። በገመድ ለመለማመጃ የሚሆን ግድግዳ አድርጎ ማየት አይገባም፤ አብያተ ክርስቲያናት ባሉባቸው ዓለቶች ላይ ብረት መምታትም ሆነ በሌላ አቅጣጫ መውጣት ፈጽሞ መታሰብ የለበትም። በቀሩት ማማዎች ላይ ለመውጣት የሚያስብ ቡድን በቦልት የተዘጋጀ መንገድ እንደማይጠብቀው አውቆ፣ የአካባቢውን አስተዳደርና ሽማግሌዎች አስፈቅዶ፣ የአሸዋ ድንጋይ ልምድ ይዞ መምጣት አለበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ያልፈነዱ ጥይቶችና ፈንጂዎች በክልሉ ውስጥ ስላሉ ከተለመደው መንገድ ያለ አካባቢው ሰው መውጣት አይገባም። የዕለቱን ጸጥታም ሐውዜንና መቀሌ ያሉ ሰዎችን ደውሎ ሳይጠይቁ ከጅማ መነሳት የለም።

ስለ ሄልስ ጌት ባጭሩ ልናገር። ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ በናይቫሻ አጠገብ ያለው ይህ ፓርክ ለጀማሪ የሚሆነው 25 ሜትር የሚደርስ የፊሸር ማማ አለው፤ በውስጡም በእግርና በብስክሌት መዘዋወር ይፈቀዳል። ነገር ግን የምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚወርድ፣ ከጅማ ዝናብ ሸሽቶ ወደ ናይቫሻ ዝናብ መሄድ ይሆናል። በፓርኩ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. ድንገተኛ ጎርፍ ጎብኚዎችን መውሰዱም መረሳት የለበትም። ለጥር ወይም ለየካቲት ቢቀመጥ ይሻላል። የዳናኪል በረሃ ደግሞ የጨውና የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያለው ሙቀቱ ለማንኛውም የገመድ ሥራ አይሆንም።

ጊዜው፣ ጾሙና ውሃው

በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 29 ቀን ይገባል። ይህ ማለት የሲናና የዋዲ ረም ምርጡ ወቅት ሙሉ በሙሉ በሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። ረመዳን በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ አካባቢ ስለሚያልቅ ለሙስሊም ተጓዦች መጋቢት ነፃ ነው። እኔ የምመርጠው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንሂድ የሚሉ ካሉ፣ ወሩ ግንቦት ሊሆን ስለሚቃረብ የዋዲ ረምንና የዳሃብን ሙቀት ተቀብለው በማለዳና በማታ ብቻ መውጣት ይኖርባቸዋል፤ የቅድስት ካትሪን ከፍታ በዚያ ጊዜ የተሻለ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚጾም ሰው በገመድ ላይ በሚውልበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ውሃ ያልጠጣ ገመድ ያዥ፣ ማለትም ከታች ሆኖ የሚወጣውን ሰው ገመድ የሚይዝ፣ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ላይ ላለው ሰውም አደጋ ስለሆነ ይህ የግል ጉዳይ ተደርጎ ዝም የሚባል አይደለም።

የውሃው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ግን ሰው አያምነውም። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር መያዝ አለበት። 6 ሰዎች ለ3 ቀን ሲወጡ 90 ሊትር፣ ማለትም 90 ኪሎ ግራም ነው። ይህን በጀርባ የሚሸከም የለም። ስለዚህ በዋዲ ረም ውሃውን የሚያመጣው መኪና የት እንደሚቆም፣ በሲና ጉድጓዱ ካለበት አጸድ ምን ያህል እንደሚራቅ፣ በገራልታ ደግሞ ከየትኛው መንደር እንደሚቀዳ ሳይታወቅ የድንኳን ቦታ አይመረጥም። ከዓለቱ እግር 200 ሜትር ቀርቦ ያለ ውሃ ከማደር፣ አንድ ሰዓት ርቆ ውሃ አጠገብ ማደር የተሻለ ነው።

የድንኳኑ ቦታ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ መሆን የለበትም። ጅማ ላይ አዌቱ ሲሞላ ዝናቡን አይተነው ነው የሚሞላው፤ የበረሃ ጎርፍ ግን በማናየው ሩቅ ተራራ ላይ ከዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሊመጣ ይችላል። አሸዋው ለመኝታ የለሰለሰው ውሃ ስለሚያመጣው መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ጠዋት ጫማ ከማድረግ በፊት ጊንጥ እንዳይኖርበት ማራገፍም ልማድ መሆን አለበት።

ስንቅን በተመለከተ ከቤታችን የሚበልጥ የለም። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይበላሹም፤ ድርቆሽና ሽሮ በትንሽ ውሃ ትኩስ ራት ይሆናሉ፤ ጭኮ ደግሞ ለማይጾመው በብርድ ሌሊት ኃይል ይሰጣል። የካምፕ ጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን መጫን ስለማይፈቀድ ምድጃው ላይ የሚገጠመውን ጋዝ እዚያው መግዛት ወይም በበደዊኖቹ ምድጃ መጠቀም ያስፈልጋል። ቡናውን ቆልቶና ፈጭቶ መሄድ ይበጃል።

መውረድ

ከዓለት መውጣት ይልቅ መውረዱ አደገኛ ነው፤ ቦታ ሲመረጥም እያንዳንዱ መንገድ እንዴት እንደሚወረድበት መጠየቅ አለበት። በዋዲ ቅናይ አጫጭር መንገዶች ላይ ገመድ ያዡ ራሱ ያወርዳል። በዋዲ ረም ግን ብዙ ጊዜ በገመድ ደጋግሞ መውረድ አለ፤ ገመዱ የሚታሰርባቸው ስሊንግ የሚባሉት የቆዩ የጠፍር ቀለበቶችም ፀሐይ ያቃጠላቸው ናይለን ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የራስን ስሊንግ ይዞ መተካት ይገባል። በገመዱ ሁለቱም ጫፍ ቋጠሮ ማሰር፣ ሲወርዱ ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ሲወጠር በሚይዘው በፕሩሲክ ቋጠሮ ራስን መጠበቅና የስምንት ቁጥር (8) ቅርጽ ያለውን ቋጠሮ ዓይን ጨፍኖ ማሰር ከጅማ ሳይነሱ መጠናቀቅ ያለባቸው ልምምዶች ናቸው። ሄልሜትን ያለ ድርድር ሁሉም ያድርግ፤ የአሸዋ ድንጋይ ከላይ ያለው ሰው ሳይነካውም ይወድቃል። ከዋዲ ረም ትልቁ ቅርብ ሆስፒታል ዓቃባ ሲሆን፣ ከተራራው ላይ የተጎዳን ሰው የሚያወርዱት በአብዛኛው ራሳቸው በደዊኖቹ ናቸው።

ስለዚህ ከቡድኑ አብዛኛው ገመድ አዲሱ ከሆነ ሲናን ይምረጥ፤ 4 ቀን በዋዲ ቅናይ፣ 3 ቀን በቅድስት ካትሪን ቢያሳልፍ ትምህርቱንም በረሃውንም ያገኛል። ሁለት ወይም ሦስት የካምና የነት ሙያ ያላቸው ሰዎች ያሉበት፣ በጀቱም የማይጨንቀው ቡድን ወደ ዋዲ ረም ይሂድ፤ ለዝናብና ለኻምሲን 2 የመጠባበቂያ ቀን ይጨምር። ፓስፖርት የሌለው፣ ዓመቱን በቁጠባ የሚያልፍ ወይም ዓለቱን ከመውጣት ይልቅ በመካከሉ መጓዝ የሚወድ ሰው ወደ ገራልታ ይሂድ፤ ጸጥታውን አጣርቶ ከገባ የሚቆጭበት ነገር አይኖርም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ለሲና የውጭ ዜጎች በነፃ ማኅተም እንደሚገቡ የሚነገረው ለተወሰኑ ሀገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛውን አዲስ አበባ ካለው የግብፅ ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ተጓዥ ግብፅ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ክትባቱ ትኬት በተቆረጠበት ሳምንት ቢወሰድ ይመረጣል። ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ መግባት በግብፅም በዮርዳኖስም ስለሚከለከል እቤት ይቅር።